የዘለለቻቸው ገጾች

እናቴ ልብ ወለድ ስታነብልኝ ገጽ እንደምትዘል ያወቅኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ የምሰማው ታሪክ ሙሉ ይመስለኝ ነበር። የራሴም ታሪክ እንደዚያው።

ጊዜው ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለ በሦስተኛው ዓመት ነው። የምንኖረው ካርቱም፣ ጀሪፍ፣ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። አባቴ ሱዳናዊ ነው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ይጠግናል። እናቴ ከጎንደር ገጠር የመጣች ናት፤ አል-ማንሺያ አንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። እኔ በዐረብኛ ተምሬ፣ በዐረብኛ ተመርቄ፣ ስናደድም በዐረብኛ የምሳደብ ነኝ። አማርኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን እናቴ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ትነክሳለች። ፊደሉንማ ጨርሶ አታውቀውም ብላ ነው የምታምነው።

የምታነብልኝ መጽሐፍ የስድስት ሴቶች ነበር። ሴቶቹ የተዋወቁት ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ ለማውጣት ተሰልፈው ሲውሉ ነው። ኋላ ሥራ በታተናቸው። አንዷ መደኒ፣ አንዷ ገዳሪፍ፣ አንዷ ከሰላ፣ አንዷ ፖርት ሱዳን ገባች፤ አንዷ እዚሁ ካርቱም ዐማራት ቀረች፤ ስድስተኛዋ እናቴ ናት። የገዳሪፏ የእናቴ የመንደር ልጅ ነበረች። ከአገር ቤት ያን ወፍራም መጽሐፍ ያመጣችውም እሷ ናት። የአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ታሪክ ነው፤ ሦስት ክፍል አለው፣ ጡብ ያህላል።

ፖስታቸው አውቶቡስ ነበር። መጽሐፉ በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ተጠቅልሎ ዙሪያውን ይሰፋል፤ በላዩ የተቀባይዋ ስልክ በወፍራም እስክሪብቶ ይጻፋል፤ ከዚያ ለሾፌሩ “አማና” ተብሎ ይሰጣል። አደራ ማለት ነው። ሱዳን ውስጥ አማና የተባለ ዕቃ የሚበላ ሾፌር አላየሁም። ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ከሰላ፣ ፖርት ሱዳን፣ ዐማራት፣ ተመልሶ እኛ ቤት፤ አንዱ ዙር ብዙ ወር ይፈጃል። ሕጋቸው ደግሞ ሁሉም እያነበበች የመጣላትን በገጹ ዳር በራሷ ቀለም እንድትጽፍ ነው። የእናቴ አረንጓዴ፣ የመደኒዋ ቀይ፣ የገዳሪፏ እርሳስ። አንዷ የጠየቀችውን ሌላዋ በሚቀጥለው ዙር ትመልስላታለች። ሲያነቡት ሦስተኛ ዙራቸው ነበር። መጽሐፉ ከታተመው ይልቅ የተጻፈበት ሊበዛ ምንም አልቀረውም።

መጽሐፉ እኛ ጋ ሲደርስ እናቴ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ የእረፍት ቀኗ ላይ፣ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥታ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ በየዙሩ አንድ ክፍል። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ አንዲት ሙሽራ ብቅ አለች። ስለ እሷ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

“ይቺ ደሞ ከየት መጣች?” አልኳት።

“በመሃል ተወልዳ ነው፣ ያ ቢቲ፣ የኔ ልጅ። ዝም ብለሽ ስሚ።”

“ሳትወለድ ተዳረች?”

“ኸላስ፣ በቃ! ታነቢ ይመስል!” አለችና ገጹን ገለበጠች።

እኔ ግን ማንበብ ጀምሬ ነበር። የኢትዮጵያ ቅመም ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ የፊደል ገበታ ገዝቼ፣ ዓመት ሙሉ ተደብቄ ሳጠና ነበር። የእናቴ ዓይን እየደከመ ነውና ለፋሲካ አንድ ገጽ አንብቤላት ላስደንግጣት ፈልጌ ነው። መደንገጡ የእኔ ሆነ እንጂ።

መጽሐፉን የምትይዝበት ወር ሲያልቅ እናቴ መጽሐፉን ሰጠችኝና “ስፊውና ለመደኒ ላኪው፣ ያላ፣ ቶሎ” ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያቺን ሙሽራ ፍለጋ ወደ ሁለተኛው ክፍል ተመለስኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሁለተኛዋ ልጅ ሳታገባ ትወልዳለች፤ ሕፃኗን፣ የኋላዋን ሙሽራ፣ ለታላቅ እህቷ ትታ ከአገር ትወጣለች። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ አሥራ አንዱንም ዘላዋለች። ፊደል እየቆጠርኩ ስለማነብ የታተመውን ተውኩትና ወደ ዳሩ፣ ወደ አረንጓዴው ቀለም ሄድኩ።

“እኔም እንደዚህች ሴት ነኝ። የሦስት ዓመት ልጄን ለታላቅ እህቴ ትቼ ነው የወጣሁት። ዛሬ አክስቴ ነው የምትለኝ።”

በትክክል አላነበብኩት ይሆናል ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርኩ። እንደገናም ያው ነው። በየበዓሉ የምትደውል አንዲት የአክስቴ ልጅ አለች። “እህቴ፣ እንዴት ነሽ?” ትለኛለች፤ እኔ በአማርኛዬ እያፈርኩ ሁለት ቃል ብዬ ስልኩን ለእናቴ እወረውራለሁ። አንድ ጊዜማ ድምጿን አስመስዬ ቀልጄባታለሁ። እናቴ ያን ቀን አልሳቀችም።

ከሥሩ በቀይ “አይዞሽ እህቴ” ይላል። በእርሳስ ደግሞ “ትንሿስ ታውቃለች?” ትንሿ እኔ ነኝ። እናቴ በሁለተኛው ዙር መልሳለች፦ “አታውቅም። ስትመረቅ ለሁለቱም እነግራለሁ፣ እግዚአብሔር ካለ።” የከሰላዋ በጥቁር ተከትላለች፦ “ተመረቀች እኮ! ምን ትጠብቂያለሽ?” ከዚያ በታች ባዶ ነው። እናቴ ወሩን ሙሉ መጽሐፉን ይዛ ለዚህ ጥያቄ ምንም አልመለሰችም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እኔን ያመመኝ ጉዱ ብቻ አልነበረም። አምስት መልካቸውን የማላውቃቸው ሴቶች፣ ከመደኒ እስከ ፖርት ሱዳን፣ እህት እንዳለችኝ ያውቃሉ። የአውቶቡስ ሾፌሮች ምስጢሬን በአደራ ይዘው በረሃውን ሲያቋርጡት ኖረዋል። እናቴ ከሰው ሁሉ ከእኔ ደብቃ፣ እዚሁ ትራሴ አጠገብ አስቀምጣዋለች። በአማርኛ የተጻፈ ነገር በቤታችን ውስጥ ከቁልፍ ይልቅ አስተማማኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያን ቀን እሷንም መጽሐፉንም እኩል ተናደድኩባቸው።

አባቴ ለምሳ ሲመጣ በዐረብኛ ጠየቅኩት። መጀመሪያ እጁን ታጥቦ ጨረሰ።

“በተጋባን ሰሞን ነግራኛለች” አለኝ። “እናምጣት ብዬ ነበር። አክስትሽ አልሰጥም አለች። አሳድጋታለችና እውነት አላት።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“የእናትሽ ነገር ነዋ፤ የኔ አይደለም።”

ምሳውን በላ። እኔ አልበላሁም።

ፊት ለፊት ብጠይቃት እንደምታለቅስ አውቃለሁ፤ ካለቀሰች ደግሞ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። የቤታችን ፍርድ ሁሌም እንዲህ ነው። ለአምስት ሰው በጽሑፍ የነገረች እናት በጽሑፍ ይመለስላት አልኩ። በባዶው ቦታ ላይ፣ ጠማማ በጠማማ በሆነ ፊደሌ፣ “አንብቤዋለሁ። ልጅሽ።” ብዬ ጻፍኩ። ጨርቁን ሰፋሁት፣ ለሾፌሩ አማና ብዬ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ተጸጸትኩ፤ ግን ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከእናቴ ጋር ቁርስ እበላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ፋሲካ መጣ፣ ገጽ አላነበብኩላትም። ያቺ “የአክስቴ ልጅ” ደወለች። ስልኩን ተቀብዬ ከሁለት ቃል በላይ ለማውራት ሞከርኩ፤ “ምን በላሽ?” ብቻ ነው የመጣልኝ። ሳቀችና አንድ በአንድ ነገረችኝ። እናቴ ከአጠገቤ ቆማ በድንጋጤ ታየኝ ነበር።

መጽሐፉ ዘገየ። እናቴ “ያቺ የገዳሪፏ ምን ነካት? ሁለት ወር ያዘችው አሉ!” እያለች ስትነጫነጭ እኔ ተነሥቼ ሳህን አጥባለሁ።

የመጣው በአንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። የዐማራቷ ሴት ሁልጊዜ በእጇ ይዛ መጥታ ከእናቴ ጋር ሻይ ትጠጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን በራክሻ፣ በባጃጅ፣ ላከችው። መምጣት ፈርታለች። እናቴ ክሩን በቢላ በጠሰችና እንደ ልማዷ መጀመሪያ አረንጓዴ ቀለም ያለባቸውን ገጾች፣ የተመለሰላትን ለማየት፣ ትገልጥ ጀመር። እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። እጇ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

“ይሄን ማነው የጻፈው?”

“እኔ።”

“አንቺ?” አለችኝ። “ፊደል ታውቂያለሽ?”

ስንት ወር ሙሉ በውስጤ ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበር። ይህን ትጠይቀኛለች ብዬ ግን አልገመትኩም።

“ማን አስተማረሽ?”

“ማንም። ላንተዋውቅ ነው፣ እማ?” “ሳንተዋወቅ ልንኖር ነው ወይ” ልላት ነበር ያሰብኩት፤ አማርኛዬ እንደዚህ አድርጎ አወጣው። አልሳቀችም፤ ዓይኗን ወደ ገጹ መለሰች።

“ከሥሩ ያለውስ?” አለች።

ከሥሩ ምን እንዳለ አላውቅም። ተነሥቼ በትከሻዋ በኩል አየሁ። በእርሳስ “አገር ቤት ስገባ ይዤው ሄድኩ፤ ትልቋ አነበበችው። ብትፈልጊ ተቆጪኝ” ይላል። የገዳሪፏ ናት። ቀጥሎ ከስድስቱ ማንም የማትጠቀምበት ሐምራዊ ቀለም፣ ቀጥ ያለ የሚያምር ጽሕፈት አለ። እኔ ቀስ ብዬ ስለማነብ እናቴ ቀድማኝ ጨረሰች፤ እኔ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርኩ።

“እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የጎረቤት ልጅ ስንጣላ ነገረችኝ። አክስቴ እያልኩሽ የኖርኩት እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው። የትንሿ ጽሕፈት ያንቺን ይመስላል።”

እኔ ወራት የፈጀሁት እናቴን ላስደነግጥ ነበር። ከእኔ ቀድማ፣ ገና ጥርሷን ቀይራ ሳትጨርስ፣ አንዲት ሕፃን ሁሉንም አውቃ ለእናቴ ስታዝንላት ኖራለች።

“ሰባት ዓመቷ” አለች እናቴ። “ያ ደብዳቤ የመጣ ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር።”

ቤት ገብታ ከልብሶቿ ሥር አንድ የታጠፈ የደብተር ወረቀት ይዛ ወጣች። ልጅቷ በራሷ እጅ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። እናቴ ለበዓል በሰው እጅ ቀይ ጫማ ልካላት የተመለሰላት ምስጋና ነው። መቶ ጊዜ አንብባዋለች፤ ግን ሁልጊዜ ምንም እንደማታውቅ ልጅ ደብዳቤ አድርጋ ነው ያነበበችው።

“አንብቢልኝ” አለችኝ። “አሁን አይታየኝም።”

ፊደል በፊደል እየያዝኩ አነበብኩላት። “ለውድ አክስቴ። ጫማው ደረሰኝ። ትንሽ ጠበበኝ፤ ግን አላወልቀውም።”

እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጭኗ ላይ አደረገችው።

“ልኳን እንኳ አላውቅም ነበር” አለች። ቀጥላ ቤት ውስጥ የነበረውን አባቴን ስልኩን እንዲያቀብላት በዐረብኛ ጠየቀችው።