አጥቦ የማይጠግብ እጅ

እትዬ ብልቃጥ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ሥራ ፈት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ያሾፈባት መስሎት። እሷ ግን ወደደችው። የስሙ ባለቤት ከወደደችው በኋላ ማን ምን ያመጣል? ቅጽል ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፣ ሰውየው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪውን ዕቃ ያጠበችው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ባለሙያዎቹ የጨረሷቸው የብርጭቆ ሳህኖች፣ ቱቦዎችና ጠርሙሶች በጋሪ ይመጡላታል። መጀመሪያ አውቶክሌቭ ወደሚሉት፣ በእንፋሎት ግፊት ወደሚቀቅለው ትልቅ ድስት ይገባሉ፤ በላያቸው ላይ የነበረው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እዚያው ያልቅለታል። ከዚያ በብሩሽና በሳሙና፣ በሙቅ ውሃ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ ታጥባቸዋለች። መጽዳቱን የምታውቀው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ ስታየው ነው። ጠብታ ከተንጠለጠለ አልጸዳም፤ ውሃው ስስ ሽፋን ሆኖ ከወረደ ጸድቷል። እሷ ታዲያ ከጸዳም በኋላ አንዴ ትደግመዋለች። ለምን ሲሏት «ለእርግጠኝነት» ትላለች። ይህቺን «ለእርግጠኝነት» ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ ልትሠራት ነው።

ከሁሉም አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። ሳህኖቹ ላይ የበቀለውን ታያለች፤ አንዱ ነጭ ነጠብጣብ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ጸጉራም። ባለሙያዎቹ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብለው ምንነቱን ያውቃሉ። እሷ ጎንበስ የምትለው ገንዳ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከወጣቶቹ አንዱን «ምንድን ነው እንዲህ አፍጥጠህ የምታየው?» ብላ ጠየቀችው።

«ይቅርብዎ እትዬ» አላት እየሳቀ፤ «ቢያዩት እህል አይበላልዎትም።»

እሷ አልሳቀችም። በዚያች ቀን የሰማችውን ለዓመታት ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖረች።

ከዚያ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ተገዛ። የላቦራቶሪው አለቃ ቢሮው ጠርቶ አስቀመጣት፤ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ ወሬ ሲኖረው ግን ወረቀት ማገላበጥ ያበዛል። ማሽኑ ከሦስት ወር በኋላ እንደሚተከል፣ ለእሷም በልብስ ማጠቢያ ክፍል ቦታ እንደተያዘላት ነገራት። ከዚያ ወረቀቱን አገላበጠና ደንቡን አነበበላት። ላቦራቶሪው ውስጥ መቅረት የሚፈልግ ሠራተኛ የማይክሮባዮሎጂ መግቢያ ትምህርቱን ወስዶ የተግባር ፈተናውን ካለፈ ረዳት ባለሙያ ሆኖ ይመደባል። ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ያነበበው ደንብ ስለሆነበት እንጂ ትመዘገባለች ብሎ አልነበረም።

«የት ነው የሚፈረመው?» አለች።

ቤት ገብታ ስትናገር ባሏ የስፌት መኪናውን አቆመ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራውም እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከልጆች ጋር ወንበር ልትጋፊ?»

«ልጋፋ።»

«በይ እንግዲህ» አለና ከመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጨርቁን ሰብስቦ ግማሹን ለቀቀላት። ያን ጠረጴዛ ለማንም ሲያካፍል ታይቶ አይታወቅም።

ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጃቸው ጠያቂ ሆነች። እናት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ልጅ ደብተሩን ይዛ በር ላይ ትቆማለች።

«የሴል ሽፋን?»

«የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጥ።»

«ራይቦዞም?»

«ፕሮቲን የሚሠራበት።»

«የባክቴሪያ ኒውክለስስ?»

«እንዳታሞኚኝ። ኒውክለስ ያለው የእርሾና የሻጋታ ነው፤ ባክቴሪያ ምን ኒውክለስ አለው?»

«ቫይረስ ውስጥስ?»

«እሱማ ሴልም አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ በሰው ዕቃ የሚኖር ነው።» ልጅቷ መልሱ ደብተሩ ላይ እንዲህ እንዳልተጻፈ ብታውቅም ትክክል ብላ አለፈችው።

አልገባ ያላት የሴል ግድግዳ ነበር። ባክቴሪያ ሁለት ወገን ነው፣ ግራም ፖዘቲቭና ግራም ኔጋቲቭ፤ የሚለዩትም በግድግዳቸው ነው። ይህን ከአንድ ሰዓት በላይ ጮክ ብላ ስታነብ ባሏ ከሚተክለው ቁልፍ ቀና አለ።

«ቆይ እስቲ። ፖዘቲቩ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ነው። ኔጋቲቩ ስስ ሸሚዝ ለብሶ በላዩ የዝናብ ልብስ የደረበ። ወይን ጠጁን ቀለም ሁለቱም ይጠጣሉ። አልኮሉ ሲመጣ የዝናብ ልብሱን ያሟሟዋል፣ ከሸሚዙም ቀለሙ ታጥቦ ይሄዳል። ካፖርቱ ግን ይዞ ይቀራል። ቀጥሎ ቀዩን ስትጨምሪ ባዶውን የቀረው ሮዝ ይሆናል። አይደለም?»

«አንተ ማን ነገረህ?»

«አንቺው ነሻ! አምስት ጊዜ ነው ያነበብሽው።»

በቃል ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። መከራው የመጣው ተግባር ላይ ነው። ባክቴሪያውን ስላይድ በሚሉት ስስ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ መቀባት፣ በእሳት ላይ አሳልፎ ማጣበቅ፣ ወይን ጠጁን አንድ ደቂቃ፣ አዮዲኑን አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አልኮል፣ ከዚያ ቀዩን ቀለም። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። የእሷ ስላይድ ግን ምንም ቢቀባበት፣ ሁልጊዜ ሮዝ። የሌሎቹ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲያምር የእሷ ሮዝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሮዝ። በዕድሜ ልጆቿ የሚሆኑት ተማሪዎች «እትዬ ብልቃጥ የነኩት ሁሉ ኔጋቲቭ ይሆናል» እያሉ ይሳሳቁ ጀመር። ቀለሙን ቀየረች፣ ጠርሙሱን ቀየረች፣ ወንበሯንም ቀየረች። አልለወጠውም።

በአራተኛው ሳምንት መምህርቷ መጥታ ከኋላዋ ቆመች። ቀጭን፣ ቁጥብ ወጣት ናት፤ ላለፉት አምስት ዓመታት የቆሸሸ ሳህን ትልክላት የነበረች። እትዬ ብልቃጥ ስላይዷን አዘንብላ አልኮሉን ጠብ ጠብ አደረገች። የሚወርደው መጀመሪያ ወይን ጠጅ ነበር፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ጠራ። እጇ አላቆመም።

«እትዬ፣ ጠርቷል እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይጨምራሉ?»

«ለእርግጠኝነት።»

መምህርቷ አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ እያጠቡት ነው። ሲጠራ ወዲያው ካልቆመ ወፍራሙም ግድግዳ ቀለሙን ይለቃል። ስህተቱ ያለው ቀለሙ ላይ አይደለም፣ እጅዎ ላይ ነው።»

መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ተናደደች፤ በመምህርቷ አይደለም፣ በእጇ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮራችበት፣ አንድ ሳህን ቆሽሾ ያልተመለሰበት እጅ እንዲህ ይዋረዳል? ወደ ቤት ስትሄድ በመንገድ ላይ እጇን ኪሷ ከትታው ነበር። ቤት ስትደርስ ግን አወጣችውና የባሏን የቁልፍ ቆርቆሮ ክዳን፣ አሮጌ የዓይን መድኃኒት ጠብታ ጠርሙስና ቀለም ያለው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ቁጠርልኝ» አለችው።

ባሏ ከስፌት መኪናው ሆኖ ይቆጥራል፣ እሷ ቀለም በተቀባው ክዳን ላይ ንጹሕ ውሃ ታንጠባጥባለች፣ የሚወርደው ጠብታ ሲጠራ ማቆም አለባት። መጀመሪያ ሰሞን «ቁሚ!» እስኪላት አትቆምም ነበር። አንድ ቅዳሜ እንዲያውም ክዳኑን ከነቀለሙ ፈትጋ አጥባ አስቀመጠችውና ሁለቱም ሳቁ። ሳቋ ግን አልቆየም። ተነሥታ ቀለሙን እንደገና ቀባችና «ቁጠር» አለችው።

መምህርቷ ደግሞ አንድ ዘዴ ጨመረችላት። በአንድ ስላይድ ላይ ሦስት ቦታ መቀባት፤ በግራ በኩል ወይን ጠጅ መሆኑ የታወቀውን ባክቴሪያ፣ በቀኝ በኩል ሮዝ መሆኑ የታወቀውን፣ መሃል ላይ ያልታወቀውን። ሁለቱ ምስክሮች ናቸው። ምስክሮቹ እንደሚገባቸው ካልቀለሙ የመሃለኛው ቀለምም አይታመንም። ብዙዎቹ ተማሪዎች ጊዜ ይፈጃል ብለው ይዘሉታል። እትዬ ብልቃጥ አንድም ቀን አልዘለለችውም።

የፈተናው ጠዋት ደረሰ። ፈታኙ ከሌላ ተቋም የመጡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አዛውንት ናቸው። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ቱቦ አደሉ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ነው፤ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል። ለእሷ አሥራ አራት ቁጥር ደረሳት።

ቀባች፣ አጣበቀች፣ ወይን ጠጁን፣ አዮዲኑን። አልኮሉን ጀመረች። ልክ በዚያች ቅጽበት ከኋላ አንዱ ተፈታኝ ቱቦ ጣለና ብርጭቆ ተሰበረ። ከተፈታኞቹ ማንም ዞር አላለም፤ ምን አገባቸው? እሷ ግን ብርጭቆ ሲሰበር ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ጆሮዋ አንገቷን አዞረው። ስትመለስ አልኮሉ እየወረደ ነበር፤ ከጠራም ቆይቷል።

ጨርሳ በማይክሮስኮፑ አየች። ክብ ክብ፣ እጅብ ያሉ፣ ሮዝ። ዙሪያዋን ያሉት መጻፍ ጀምረዋል። ሰዓቱን አየች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ሮዝ አይታለችና ኔጋቲቭ ብላ ብትጽፍ የሚከለክላት የለም። ስላይዱን ወደ ግራው ምስክር ገፋ አደረገችው። እሱም ሮዝ።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ የእርጥብ አንሶላው ክምር፣ «ይቅርብዎ እትዬ» ያላት ልጅ ሳቅ፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ መልስ መስጫው ላይ ጻፈች፦ «የመጀመሪያው ስላይድ አይታመንም። አልኮል አብዝቻለሁ።» ተነሥታም ወደ ፈታኙ ሄደች።

«ሁለተኛ ስላይድ ይስጡኝ።»

«ጊዜ አይጨመርም» አሉ።

«ጊዜ አልጠየቅሁም።»

ሦስቱንም እንደገና ቀባች። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። አልኮሉ ሲወርድ የባሏን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ትሰማዋለች። አምስት። ስድስት። ስምንት ላይ ጠብታው ጠራ። መላ ሰውነቷ አንዴ ድገሚው አላት። ጠርሙሱን አስቀመጠች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም አጠገቧ ሳይቆጥርላት የጠራን ነገር ሳትደግም ስትተው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጎኗን የቆረጧት ያህል አመማት።

አየች። የግራው ምስክር ወይን ጠጅ፣ የቀኙ ሮዝ። መሃል ላይ ደግሞ ክብ ክብ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ፣ ደማቅ ወይን ጠጅ። ከቱቦው ቆንጥራ ንጹሕ ስላይድ ላይ አደረገችና አንድ ጠብታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጣለችበት፤ ተንጨረጨረ፣ አረፋ ደፈቀ። ካልደፈቀ ሌላ ነው፣ ከደፈቀ ስታፊሎኮከስ የሚሉት ባክቴሪያ። ስሙ ረጅም ነው፣ የቀረው ደግሞ ሁለት ደቂቃ። ጻፈችው።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ፈታኙ ወረቀቷን ይዘው መጡ። መጀመሪያ የተበላሸውን ስላይድ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን በማይክሮስኮፕ ረጅም ሰዓት አዩ። መምህርቷ በር ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«የመጀመሪያውን ስህተትዎን ለምን ጻፉት? ባይጽፉት ማን ያውቅ ነበር?»

«በቱቦው ውስጥ ያለውን አላውቀውም ነበር፤ የተዋወቅነው ዛሬ ነው» አለች። «እጄን ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ወረቀቷ ላይ ፈረሙ። እትዬ ብልቃጥም ፊርማው ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባት የምታውቀውን አደረገች፤ ሁለቱን ስላይዶች ሰብስባ ወደ ገንዳው ዞረች።

«የት ይወስዷቸዋል?»

«ላጥባቸው ነዋ።»

«አይታጠቡም» አሉ። «ሁለቱም ይቀመጣሉ፣ የተበላሸውም ጭምር። ለሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች ልዩነቱን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ረዳት ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያሳዩአቸዋል።»

ስላይዶቹን እንደያዘች ቆመች። እንባዋ መጣ፤ እንዲመጣም ተወችው። ገንዳው የሚርቀው ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር። ሁለቱንም ከነቀለማቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።