የክርስትና ስሙን ማን ያውቃል?

ለስብከተ ወንጌል ወደ መተማ እርሻዎች የተመደብኩ ዕለት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኜ ገባሁ። የያዝኩት መስቀሌን፣ መጽሐፌንና አንድ ጀሪካን ጠበል ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች ለምሳ ሲያርፉ ጠብቄ ብዙ ሰበክሁ። ስጨርስ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ጠጋ ብሎ «አባ፣ ቃሉስ ግሩም ነበር፤ ግማሹ ግን ተኝቷል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማሳጠር ለመድሁ።

ስለ ሰንበት ሳነሳበት የእርሻው ባለቤት «እኔስ ባከብረው ደስ ባለኝ፤ ሰሊጡ ነው የማይጠብቀኝ፣ ይራገፋል» ይለኛል። ተከራክሬ አላሸነፍኩትም። እሑድ እሑድ እኔው ማሳ ገብቼ ከአጫጆቹ ጎን እየሄድኩ አስተምር ጀመር።

በካምፑ ሰው የሚጠራው በአገሩ ነው። ሞጣ የምንለው የጎጃም ወጣት ሳስተምር አጠገቤ ያጭድ ነበር፤ ሳቂታ ነው። «አባ፣ ማጭድ ላቀብልዎ?» እያለ ያሾፍብኛል። ወባ ሲይዘው ከአጨዳው እንዳይቀነስ ብሎ ሕመሙን ደበቀን። በባጃጅ መተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ ስናደርሰው መሽቶበት ነበር፤ ሞተ።

በዚያ ሙቀት ሬሳ ዘመድ አይጠብቅም። መቃብሩ ተቆፈረ። ፍትሐት ግን በክርስትና ስም ነውና ካቦውን ጠየቅሁት።

«ኧረ አባ፣ ሞጣ ነው የምንለው፤ ሌላ አላውቅለትም።»

ጓደኞቹም አያውቁም። ከኪሱ ስልኩን አውጥተው ሰጡኝ፤ «እማዬ» የሚለው ላይ ደወልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ በአካል ሄዶ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ ስሙን ብቻ ጠይቄ ልዘጋ አስቤ ነበር።

«እናቴ፣ ልጅዎ ከሚሠራበት አገር ያለሁ ቄስ ነኝ። ለጸሎት የክርስትና ስሙን ፈልጌ ነው።»

«አሞት ነው አባቴ?»

«አሞት ነበር።»

ከዚያ «ስሙንማ እሱ ያውቀዋል» አሉ። «ምነው እሱን ያልጠየቁት?»

ከወዲያ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።

«ወልደ ሚካኤል ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ወልደ ሚካኤል ይበሉልኝ።» ስልኩ ከእጃቸው ሲወድቅ ሰማሁ።

ፍትሐቱን አደረስኩ፤ እንደዚያ ቀን እያለቀስኩ ያደረስኩት የለም። ሽማግሌዎቹ ሊያረዱ ሲደርሱ እናትዬው ጥቁር ለብሰው ነው የጠበቋቸው።

አሁን አርጅቼ ሳንጃ ከተማ ተቀምጫለሁ። ወደ እርሻዎቹ የሚወርዱ አዳዲስ ካህናት ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው አንድ ነው፤ የክርስትና ስሙን ሰውየው በቁሙ ሳለ ከራሱ ጠይቁ።