ሳነብ የምዘላት መስመር

ሁሴን፣ ለሰይድ ሞት የምጠይቀው አንተን ነው። ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ። ልጆችህ ያንብቡልህ።

ወዳጆቼ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሞተ ብለው ዛሬ ረፋድ ላይ ከሚያገለግልበት የጦር ካምፕ ደወሉልኝ። ወባ ነው፣ የታመመው ሦስት ቀን ነው አሉ። "ተሳስታችኋል፤ የእኔ ወንድም በሚቀጥለው ወር ዲግሪውን ሊያይ ይመጣል" አልኳቸው። ሰውየው ስሙን እስከ አያቱ ደገመልኝ።

አሁንም የተሳሳቱ ይመስለኛል። ደጅ እየወጣሁ አውቶቡስ የሚመጣበትን መንገድ አያለሁ።

እናታችን ስትሞት ሰይድን አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሁሴን የሁላችን ታላቅ ነው። የቆቦ ሜዳ ሰው ነገሩን ያውቃል፤ እኛ ጋ ማሽላ የሚበቅለው በጎርፍ ነው። ሰማዩ ደርቆ፣ አቧራው እየጨሰ፣ ድንገት ከተራራው በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። ያኔ የቤቱ ወንድ ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። ውሃውን ወደ ማሳው ካልጠለፉት ያልፋል፤ ዓመቱም አብሮት ያልፋል።

ሰይድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሚቀመጥበት ቀን ማለዳ ጎርፍ መጣ።

"አያ፣ ፈተናዬ እኮ ነው" አለው።

"ፈተና ለከርሞም አለ። ይሄ ውሃ ካለፈ እኛ ለከርሞ የለንም" አለና ሁሴን አካፋውን እጁ ላይ አስያዘው።

ቁርስ ይዤላቸው ስሄድ ሰይድ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሰማዩን ያያል። አንዲት ደመና የለችም። "እታለም" አለኝ፣ በሕልሙ እንደሚያወራ ሰው፣ "ዝናቡ የዘነበው ወዲያ ነው። እኛ በማናውቀው ሰው ደጅ።" ከዚያ ወዲህ የተናደደ ሰው ባየ ቁጥር፣ ንዴቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው ሲል፣ የሚላት ነገር እሷ ሆነች። "ዝናቡ የዘነበው ወዲያ ነው፣ ተወው።"

ማሽላው በዚያ ዓመት ሰው የሚውጥ ሆነ። ሰይድ ግን ከርሞን አልጠበቀም። ወታደር ሆነ።

ያመለጠውን ፈተና በኋላ በግል ተፈትኖ አለፈና በረሃ ካምፕ ውስጥ ሆኖ በርቀት ዲግሪ ጀመረ። ጂኦግራፊ። ሌላ ምን ሊማር ኖሯል! ሞጁሉን እኔ ከርቀት ትምህርቱ ማዕከል ተቀብዬ በአውቶቡስ እልክለታለሁ። ከጥበቃ ሲወርድ ያነባል፣ አሳይመንቱን ሠርቶ ይልካል፣ እኔ አስረክባለሁ። ፈተና ሲደርስ ፈቃድ ለምኖ ይመጣል። ፈቃድ የተከለከለበትም ዓመት ነበር። ሌላው በአራት ዓመት የሚጨርሰውን እሱ ስንት ዓመት ተሸክሞት ዞረ።

አንዴ ሁለት ፖስታ አብሮ ላከ፤ አንዱ ለማዕከሉ፣ አንዱ ለእኔ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንዱን አስረከብኩና ሌላውን ደብዳቤ ለምታነብልኝ ጎረቤቴ ለለተብርሃን ወሰድኩላት።

"ዘሃራ፣ ይሄን ልጅ በረሃው ናላውን አዞረው እንዴ?" አለችኝ። "ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። ደመና በስንት ይከፈላል እያለ ነው።"

ስንስቅ ዋልን። ለካ ማዕከሉ ደግሞ "ላሚቱ ወለደች ወይ?" የሚል ደብዳቤ ይዞ ተቀምጧል። ሰይድ ያንን ትምህርት ወድቆ እንደገና ወሰደው። አልተቆጣኝም። በሚቀጥለው ፖስታ ሀ ሁ ሂን በትልልቁ ጽፎ ላከልኝ። እኔም በሽበቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የማነበው እኔ ሆንኩ። ሁሴን ሊሰማ ይመጣል፤ በትሩን ጉልበቱ መሃል አድርጎ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሰይድ ራሱ ሲመጣ ግን ሁሴን አፍሮ ዋጃ ከተማ ይሄዳል። ሁለቱ ሳይተያዩ ዓመታት ሄዱ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። በየደብዳቤው መጨረሻ አንዲት መስመር ነበረች። "ለአያ ሁሴን፦ ያ ውሃ አብልቶናል። አልተቀየምኩህም። ስመጣ ጠብቀኝ።"

አንድም ቀን አላነበብኩለትም። እዘላታለሁ።

"አለቀ?" ይለኛል።

"አለቀ" እለዋለሁ። በትሩን ይዞ ተነሥቶ ይሄዳል።

ባለፈው ወር ዲግሪውን በውክልና ተቀበልኩለት። በጣቴ ሳይሆን ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሰይድ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለ፤ ነፋሱ ይሰማኛል። "አንብቢልኝ፣ እታለም" አለኝ። "ዘለል ዘለል አድርገሽ እንዳታነቢው።" ስሙን፣ ትምህርቱን፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ሳይቀር አነበብኩለት። ስጨርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሰይድ?" ስለው፣ "አለሁ። ድገሚልኝ" አለ።

ያወቀብኝ ይሆን? እንጃ።

ይሄን ስጽፍ ሁሴን መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አያለቅስም። በትሩን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ይጠብቃል፤ ደብዳቤ የመጣ ይመስል። ከላይ የጻፍኩትን አላጠፋውም፤ አንጀቴ አርሯል። ግን ዛሬም ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ከተራራው በኩልም ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ዝናቡ የዘነበው ወዲያ ነው፣ ሁሴን ደጅ አይደለም።

ሰይዴ፣ አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ያስፋልህ። ፊደሉን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ እኔ ግን በሱ ወንድምህን ቀጣሁበት። ደብዳቤዎችህን ከሳጥኑ አውጥቻለሁ። ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ። ከእንግዲህ ለአያ ሁሴን ሳነብ አንዲት መስመር አልዘልም።