ለስልኬ ያልመለሰችው ተማሪ

ደምበጫ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አምና ስልኬ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ጭኜ ተማሪዎቼን ከእሱ ጋር በእንግሊዝኛ ማነጋገር ጀመርኩ። አነጋገሩ የፈረንጅ ነው፤ አይሰለች፣ አይቆጣ። እውነቴን ነው፣ ቀናሁበት።

ዘቢደር ብቻ አልመለሰችለትም። ስትጽፍ ጎበዝ የሆነች፣ ስትጠየቅ ግን ዝም የምትል ልጅ ናት። አንድ ቀን ስልኩን አጠገቧ ያዝኩላት፤ ጠይቋት ሳትመልስ ስትቀር ስልኩ "እንደገና ሞክሪ" አላት፣ ሦስት ጊዜ። ክፍሉ ሳቀ። ልቆጣት ስል መምህር አለልኝ ጠመኔ ፈልገው ገቡ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው።

ጥቂት አዩዋትና በግራዋ ዞረው፣ ጎንበስ ብለው በእንግሊዝኛ "ከቤትሽ እዚህ ድረስ ስንት ሰዓት ትሄጃለሽ?" አሏት። ዘቢደር አንድም ቃል ሳትሳሳት መለሰች። ደግመው ሌላ ጠየቋት፤ እሱንም መለሰች።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉላት?" አልኳቸው።

"ምንም። አንተ ስልኩን የያዝክላት በቀኟ ነው። ስትጠራት አንገቷን ወዴት እንደምታዞር አላየህም? ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም።"

አፍሬ ወደ እሷ ዞርኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

ዘቢደር ግራ ገብቷት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች።

"ሰው በሁለቱም ጆሮው ይሰማል እንዴ?"