ጭቃ የማይወድ የናዳ ተመራማሪ

ይሄይስ የሚያጠናው የመሬት መንሸራተትን ነው፤ መሬት መርገጥ ግን አይወድም፣ በተለይ የራሰውን። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በማይጠፋበት በሚዛን ተፈሪ ተወልዶ አድጎ ጭቃን እንዲህ የሚጠየፍ ልጅ ከየት እንደመጣ እናቱም ግራ ይገባቸዋል። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ልጁ ከሱቁ በረንዳ ሳይወርድ ነው ያደገው፤ ምናልባት ጥፋቱ የበረንዳው ይሆናል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ሆኖ እንኳ ገጠር ሲወርድ ሁለት ጫማ ይይዛል፤ አንዱን ለጭቃው፣ ሌላውን ከጭቃው ሲወጣ ሰው እንዲያይለት።

ስለዚህ ድሮን የሚባል ነገር ሲመጣለት ለእሱ ተብሎ የተሠራ መሰለው። አስፋልት ዳር ቆሞ ያስነሣዋል፤ ድሮኑ ቁልቁለቱን ዞሮ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ ይሄይስ ባትሪውን ነቅሎ ወደ ቤቱ ይገባል። የሳተላይቱ ሥራ ደግሞ ጭራሽ ከወንበር መነሣትም አይጠይቅም። በአደጋ መከላከል ሥራ ላይ ያለው ጓደኛው አለሙ፣ አንተ አገሩን የምታውቀው እንደ አሞራ ከላይ ከላይ ነው እያለ ያበሽቀዋል።

ሥራውን የያዘው ግን ለጫማው አስቦ አይደለም፤ ይህን እንኳ ልንመሰክርለት ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጌጫ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር ቁልቁለቱ ተንዶ አንድ ቤተሰብ ሲቀብር፣ እሱ ድሮኑን ይዞ የደረሰው በማግሥቱ ነበር። ሰዉ በዶማና በእጁ ይቆፍራል፤ የእሱ መሣሪያ የጠቀመው ቤቱ የት ጋ እንደነበር ለማሳየት ብቻ ነው። አንዲት ሴት ቀረብ ብላ፣ ይህ ነገር ትናንት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከናዳው ቀድሞ መድረስ።

ጉዱ የፈላው ቀደምኩ ባለ ጊዜ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከሸኮ ከተማ በታች ያለውን ቁልቁለት ሸፍኖት የከረመው ደመና አንድ ቀን ወለል ብሎ ተገለጠ። የዚያን ቀን የሳተላይት ምስል ሲደርሰው ይሄይስ ዓይኑን ማመን አቃተው። አረንጓዴ የነበረ ቦታ ድንገት ቀይ ሆኖ ሲገኝ በቢጫ መስመር እንዲከብ ኮምፒውተሩን ያስተማረው ራሱ ነው፤ ኮምፒውተሩም ታዛዥ ተማሪ ስለሆነ ቁልቁለቱን በሙሉ በቢጫ ከቦት ቁጭ አለ። ከላይ እስከ ታች፣ ቤቶቹ ደጃፍ ድረስ ቀይ። ይሄይስ ወዲያው ለአለሙ ደወለ። አለሙ፣ በእግርህ ወርደህ አይተኸዋል ወይ ሲለው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጊዜም የለም አለው።

አምቡላንሱ፣ አካፋ የጫነው መኪና፣ የወረዳው ሰዎች፣ ሁሉም ተግተልትለው ወረዱ። እዚያ ያገኙት ወይዘሮ ካሰችን ነው። ወይዘሮ ካሰች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቡና ማሳውን ብቻቸውን ይዘው የቀሩ፣ ለማንም የማይመለስ ምላስ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሸራ ላይ የተሰጣ ቀይ እሸት ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ነበር። ጎረቤቱም እንደዚያው። ፀሐይ ናፍቆት የከረመ ሰፈር ፀሐይ ሲወጣ የለቀመውን ቡና በየደጁ፣ በየማድረቂያ አልጋው፣ በየሣሩ ላይ አስጥቶታል። ሳተላይቱ አጥርቶ የሚያየው ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ሰዉም ቡናውን የሚያሰጣው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ያለ ቡና ቀኑ የማይነጋለት የቡና አገር ልጅ ይህን ሳያስብ ቀርቶ፣ የተሰጣ ቡና አይቶ መሬት ተናደ ብሎ አገር አስነሣ።

ወይዘሮ ካሰች እንግዶቹ ለማን ልቅሶ እንደመጡ ጠየቁ። ነገሩ ሲነገራቸው አልተቆጡም። ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣ ዝናብ መምጣቱ ስለሆነ አካፋ ይዞ ከመቆም ቡናውን ማስገባት እንደሚሻል ነገሯቸው። የወረዳው ኃላፊ በከረባቱ ጆንያ ተሸከመ፤ የአምቡላንሱ ሾፌር ሸራ ጠቀለለ። ዝናቡ ሲመጣ አንዲት ፍሬ አልረጠበችም፤ የዚያን ቀን አደጋ መከላከል ማለት ይኸው ነበር።

ይሄይስ ሚዛን ተፈሪ ሆኖ ወሬውን በስልክ ሰማ። ከዚያ በኋላ ካፌ በገባ ቁጥር አስተናጋጁ ስኒውን ሲያስቀምጥለት እንዳይናድ ጠንቀቅ በል ይለው ጀመር። አብሮ ይስቃል እንጂ ቅስሙ ተሰብሯል። መሳቃቸውስ ባልከፋ፤ የከፋው ከዚያ ወዲህ የሚልከውን ሪፖርት ሁሉ የወረዳው ሰዎች ሳያነቡ፣ ይሄኛው የደረቀ ጀንፈል ነው ወይስ እሸት ቡና ማለታቸው ነው። አንድ ቀን እውነቱን ቢይዝ ማን ይሰማዋል? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣው ነበር።

ያ ቀን በነሐሴ መጣ። ድሮኑ በሐምሌ ያነሣውንና በነሐሴ ያነሣውን ፎቶ ሲያስተያይ፣ ከወይዘሮ ካሰች ሰፈር በላይ ያሉት ዋንዛዎችና ብርብራዎች አናታቸው ከነበረበት ከክንድ በላይ ወደ ታች ወርዶ አገኘው። አንድ ዛፍ ቢሆን ነፋስ ነው ይባላል፤ እነዚህ ግን ሁሉም አብረው ነው የወረዱት። ዛፍ ደግሞ በራሱ አይሄድም፤ የሚሄደው የቆመበት መሬት ነው። ደጋግሞ ለካው።

ለአለሙ ሲደውልለት አለሙ አልቀለደም። እሱ እንደሚያምነው፣ አለቆቹ ግን በይሄይስ ስም ዳግመኛ መኪና እንደማያንቀሳቅሱ ነገረው። ራሱ ወርዶ ሰዎቹን ቢያነጋግር ነው የሚሻለው። ይሄይስ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ፤ ጫማ መያዙ ትዝም አላለው።

ጉሙ ድሮን የሚያስነሣ አልነበረም። መኪናውን ከላይ አቁሞ ቁልቁለቱን በእግሩ ተያያዘው፤ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በመቀመጫው ወረደ ማለት ይሻላል። ወይዘሮ ካሰች ደጃፍ ሲደርስ ከጭቃው የተረፈው ዓይኑ ብቻ ነበር። ማንነቱን ሲነግራቸው ትክ ብለው አዩት።

«ያ ከላይ የሚያየን ልጅ አንተ ነህ? ዛሬ ደግሞ የማን ቡና ነው የተናደው?»

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቀ። ይሄይስ ታብሌቱን አውጥቶ ፎቶዎቹን አሳየ፣ ስለ ዛፎቹ አስረዳ፣ ውኃ ስለጠጣ አፈር ተናገረ። ለእነሱ ሁለቱም ፎቶ ጫካ ነው። የሚያስረዳው ሲያልቅበት ከደጃፉ ላይ፣ ከዚያው ከጭቃው፣ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ያኔ ተሳስቻለሁ። ዛሬም ልሳሳት እችላለሁ። እናንተ ካልወጣችሁ ግን እኔም ከዚህ አልነሣም» አለ።

መጀመሪያ ይበልጥ ሳቁ። ወይዘሮ ካሰች ተነሥ አሉት፤ እንቢ አለ። ቤት ያፈራውን ቅመስ አሉት፤ አልቀምስም አለ። እንግዳ ደጅ ላይ ጭቃ ውስጥ አስቀምጦ መግባት ደግሞ በእሳቸው ቤት የማይሆን ነገር ነው። ጎንበስ ብለው ሲያዩት ዓይኑ ከላይ ካለው ቁልቁለት አልነቀል ብሏል፤ እየፈራ ነው፣ እየፈራም አይሄድም። አንጀታቸውን በላው።

«እኔ የዚህን ልጅ እናት በምን ዓይኔ አያለሁ?» አሉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞረው። «ልብሳችሁን ያዙ፣ ከብቱንም ንዱ። ትምህርት ቤቱ ጋ እናድርና ልቡ ይረፍለት።»

እያጉረመረሙ ወጡ። መንገዱን ሙሉ ይሄይስ የቀልድ ማሞቂያ ሆነ፤ ካሳለፈው ሁሉ ደስ ያለው ቀልድ ይኸኛው ነበር። ከጉብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ገብተው አደሩ። በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል አንዳንዱ ዕቃውን ይሸክፍ ጀመር፤ ይሄይስ በር ላይ ቆሞ ትንሽ ቆዩ እያለ ይለምናል። ቀትር ገደማ ከታች ከባድ ድምፅ መጣ፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንዘፈዘፈ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ዋንዛዎቹ የሉም፣ ቤቶቹም የሉም። ቀይ አፈር እስከ ወንዙ ድረስ ተዘርግቷል።

ሰው አልተጎዳም። የሳቀም አልነበረም። ወይዘሮ ካሰች የትምህርት ቤቱን አጥር ይዘው ቆመው ባላቸው የተከሉት ቡና የነበረበትን ቦታ ያያሉ፤ እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። ይሄይስ አጠገባቸው ቆመ። ቀድሞ የደረሰ ቀን ደስ የሚለው ይመስለው ነበር፤ ደስታው ግን የት እንደገባ አጣው። እሱ የናደው ይመስል ይቅርታ ሊላቸው ሁሉ ቃጣው።

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ከወንዙ ማዶ ያለውን፣ ሌሎቹ ቤቶች የቀሩበትን ጎን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ያኛውስ ይቆማል?»

«አላውቅም እማማ። ሳላየው ምንም ማለት አልችልም።»

«እንግዲያው ሂድና እየው» አሉት። «ማዶ ላሉት ልብሳቸውን እንዲይዙ እኔ እልክባቸዋለሁ። አንተ ሳትነግረን ማናችንም ወደ ታች አንመለስም።»

ይሄይስ ጉሙ እስኪገለጥ አልጠበቀም። የዳገቱን ራስ ይዞ ወደ ማዶው በእግሩ ሄደ።