በጥላ የተፈተሸ

ጋራዡ ሁሉ ፍቱን ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከራሷ በቀር የሚጠራው አልነበረም፤ እሷም ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ፍቱን ያሉት እሱ የነካው ዕቃ አይመለስም ብለው ነው። የወንበር ልብስ፣ የጣሪያ ጨርቅ፣ የበር እጀታ፣ ሌላው መካኒክ የሚንቀው ጥቃቅን ነገር ሁሉ ወደሱ ይመራል። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ለብሶት ይዞራል። ዕቃ መቀየር ማንም ይችላል፣ ሙያ ማለት ያለውን ማዳን ነው፣ ማለት ይወዳል። አፉ አያርፍም። እጁ ግን፣ ሐቁን እንናገርና፣ እጅ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት መምህርት ነጭ መኪና ይዛ መጣች። ከሹፌሩ ግንባር በላይ ያለችው የፀሐይ መከላከያ ማንም ሳይነካት እየወረደች ዓይኗን ትሸፍንባታለች። ሁለት ጋራዥ ሄዳ፣ ሁለቱም ደህና ነው ብለው መልሰዋታል። ፍቱን ገብቶ ተቀመጠና መከላከያዋን አውርዶ መለሳት፤ ጫፏ ጣሪያው ላይ ካለው መያዣ ቀጭ ብላ ገባች። ሠላሳ ጊዜ ደጋገመው። ሠላሳውንም ጊዜ ቀጭ አለች። ምንም አልሆነችም አላት።

መምህርቷ ግን የዋዛ አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ደህና ናት፣ ጉዷ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ብላ ሞገተችው። መኪና ሰዓት አያይም ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችለትም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እስከ ማታ ይዋልና እርስዎ ራስዎ ይንዱት፣ ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ውስጥ ቦታ ስላልነበረ ዘበኛው መኪናዋን ደጅ ፀሐይ ላይ አቆማት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍቱን ሊያስገባት ወጣ። ውስጧ ምድጃ ሆኗል፤ መሪው አያስጨብጥም። የግቢውን በር ሲያልፍ ጎማው ደፉን መታ፣ መኪናዋ ነጠር አለች፣ መከላከያዋም ዷ ብላ ወርዳ ዓይኑን ጋረደችው። ፍሬን ረግጦ ቀና ሲያደርጋት፣ ከፊቱ ያለው ግድግዳ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር።

ወይ ጉድ፣ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን መያዣውን ቀይሮ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ነገሩ ሳይገባው አይለቅም። መከላከያዋን በጣቱ ሲያወዛውዛት በማጠፊያዋ በኩል ላልታለች፤ እንግዲህ ጣሪያው ላይ የሚያቆያት በሌላው ጫፍ ያለችው መያዣ ብቻ ናት ማለት ነው። ያቺ መያዣ ደግሞ ጠዋት በጥላ ጥብቅ አድርጋ የያዘች፣ አሁን አፏን ከፍታለች። ብሎኗን ፈታ። ከሥሯ አንዲት ቁራጭ ቆዳ ጭኑ ላይ ወደቀች፤ ደርቃ፣ ተጨማትራ፣ ጠርዟ ተጠቅልሏል።

የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ናት፤ አንዱ ጥጓ በመቀስ ተቀንጥቧል። የላላ መያዣ ሥር ቆዳ መወተፍ የፍቱን ብልሃት ነው። ጥጓን የሚቀነጥበውም የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ ብሎ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አይቶም ሰምቶም አያውቅም። የበሩን ዙሪያ ጎማ ገለጥ አደረገ። ከነጩ ቀለም ሥር ሰማያዊ አለ።

ሰማያዊዋን መኪና ያውቃታል፤ የቤታቸው መኪና ነበረች። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እናታቸውን ሐኪም ቤት አድርሶ፣ መኪናዋ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከቆመች በኋላ እናታቸውን ወደ ቤት ሲመልስ፣ መታጠፊያው ላይ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ገጨ። እናታቸው እዚያው አረፈች፤ መኪናዋም እንደተገጨች ተሸጠች። ወንድሙ ራሱ በፋሻ ታስሮ፣ ክንዱ ተሰብሮ፣ መከላከያዋ ወርዳ ጋረደችኝ እያለ ሲምል፣ ፍቱን ሐዘንተኛው በተሰበሰበበት ተነሣ።

«ያቺን መከላከያ ባለፈው ሳምንት በዚህ እጄ ነው የሠራኋት። አትወርድም። ተኝተህ ነው፣ እመን።»

ሰውም እጁን አመነ። ፍቱን ሦስት ዓመት ወንድሙን ደጁን አላስረገጠውም። ይቅርታ ከፈለገ ሰው ፊት ቆሞ ይመን አለ። በመጨረሻ ታናሽየው ታከተው መሰለኝ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ አዎ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር አለ። ፍቱንም ይቅር አለ። ይቅርታ ከተባለ! ከዚያ ወዲህ የእሑድ ምሳ ላይ ወንድሙ ባዛጋ ቁጥር፣ እንቅልፉ ደረሰ እያለ ገበታውን ያስቃል። የወንድሙ ልጆች ሳይቀሩ ቀልዷን ለምደዋታል። አባታቸው መሪ መጨበጥ ትቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆኗል።

አሁን ፍቱን በጋለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ቆዳዋን ያያል። ያን ጊዜም ሠላሳ ጊዜ ፈትሿት ነበር፤ ጋራዡ ጣሪያ ሥር፣ በብርዱ። የፀሐይ መከላከያ ሠርቶ ፀሐይ ላይ አንድ ቀን አላቆማትም። ቆዳ ሲግል እንደሚኮማተር የማያውቅ ሰው እኮ አይደለም! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲጠራ የማን ፊት እንደሚጠቁር ግን አይነግሩህም።

አዲስ መያዣ ገዝቶ ገጠመ፣ ማጠፊያዋን አጠበቀ፣ መምህርቷን አንድ ቀን አስጨምሮም በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አሙቋት ኮረኮንች ላይ ነዳት። አልወረደችም። መምህርቷ ምን ሆና ነበር ስትለው፣ ሙያ የሌለው ሰው ነክቷት ነው አላት።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ቆዳዋን መጣል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን አልቻለም፤ ይህን ያህልስ ሰው ነበር። ወደ መጋዘኑ ሄዶ፣ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ለተቀመጠው ወንድሙ ቆዳዋን መዳፉ ላይ አኖረለት፤ ከየት እንደወጣችም ነገረው። ወንድሙ ብዙ ጊዜ አገላብጦ አያት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ጋሼ፣ እኔኮ ነቅቼ እንደነበር ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ» አለው። «አቃተኝ። አንተ ደጋግመህ ስትለኝ፣ ተኝቼ እንደነበር በሕልሜ ሁሉ ማየት ጀመርኩ። ለልጆቼም በዚህ አፌ አያታችሁን የገደልኳት ተኝቼ ነው አልኳቸው።»

ፍቱን እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ወንድሙ ክንዱን ይዞ አስቆመው።

«እዚህ አይደለም። እኔን ሰው ፊት ይሁን ብለኸኝ ነበር። አንተም እሑድ፣ ልጆቼ እየሰሙ ተናገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አለ ፍቱን። በእናታቸው ነፍስ ማለ።

እሑድ ደረሰ። ገበታው ሞልቷል፤ እህቶች፣ አማቾች፣ ልጆች። ቆዳዋ በደረት ኪሱ ናት። አሁን፣ አሁን እያለ ይጠብቃል። አንዷ እህቱ የመኪናዋ በር አልዘጋ ብሏት ኖሮ፣ ጋሼ ያለበት ቤት ምን ሐሳብ አለብኝ፣ እሱ የነካው አይመለስም አለች። ሁሉም፣ አዬ የሱ እጅ! አሉ። ታናሽየው ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ መምጣቱ ነውና፣ ሳያስበው አዛጋ።

«እንቅልፉ ደረሰ!» አለ የወንድሙ ትልቁ ልጅ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሙ አልሳቀም፤ ቀና ብሎ ፍቱንን ብቻ አየው። ሌሎቹም የቀልዱ ባለቤት ምን ይጨምር ይሆን ብለው ወደሱ ዞሩ። ፍቱን እጁን ደረት ኪሱ ላይ አደረገ። ቆዳዋ በጨርቁ ሥር ትቆረቁራለች። አፉን ከፈተ። ሃምሳ ዓመት ያላረፈ አፍ፣ በዚያች ሰዓት ምራቁ ደረቀበት።

«እስቲ ውሃ አቀብሉኝ» አለ።

ተነሥቶ ቀድቶ ያቀበለው ታናሽ ወንድሙ ነው።