በጠዋት ኑ

እህቴ አንድ ነገር በዝምታ ሲታለፍ ማየት አይሆንላትም። ልጆች ሳለን እናታችን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ «እንዴት ዋላችሁ?» ትለናለች። ደክሟታል፤ የምትፈልገው «ደህና» የሚል መልስ ብቻ ነው። እኛም እንደዚያው እንላለን። እትዬ ግን ማን እንደወደቀ፣ ማን ምሳውን እንዳልበላ፣ ማን ማንን እንደነከሰ፣ እሷ ራሷ ማንን በጥፊ እንዳጮለችው አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። አባታችን «ጠበቃዬ» የሚል ስም አወጣላት። ደስ ሲለውም ጠበቃዬ ነው፣ ሲበሳጭም ጠበቃዬ ነው፤ የሚለየው የግንባሩ መቋጠር ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት፣ የመጨረሻዋ እኔ። ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ትምህርቷን እያጠናች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ስለ እሷ ሳወራ አዳላለሁ፤ ይህ የማይጥመው ሰው ከዚህ ላይ ማንበቡን ይተው።

የሕፃናት ማቆያው ውስጥ ግን ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው «በእህቷ ጀርባ ገባች» የሚሉ አፎች ስላሉ ነው። እሷ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ትንንሽ ልጆችን ለዓመታት አስተምራ፣ ከዚያም አስተማሪዎችን አሠልጥና ዳይሬክተር ሆና ስትመጣ፣ እኔ በጨቅላዎቹ ክፍል ሞግዚትነት ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ክፍሉ ታች ነው። በአንድ ወገን ዝቅ ያሉ አልጋዎች ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ ሰማያዊ የስፖንጅ ምንጣፍ አለ፣ የኋላው መስኮት ወደ ልብስ ማጠቢያው ይከፈታል። ልጆቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ቆሞ የሚሄድ አንድም የለም። እኛ ሁለት ነበርን፤ እኔና ሳቂታዋ የምንላት ባልደረባዬ።

እትዬ በመጣችበት ቀን ክፍሉን ያስጎበኘኋት እኔ ነኝ። የምመካባትን ልጅ ለመጨረሻ አቆየኋት።

«ይቺ ደግሞ ጭምቷ ናት» አልኳት። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይተሽ አታውቂም። ካስቀመጧት ቦታ ንቅንቅ የለ፣ ለቅሶ የለ።»

እትዬ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታ ጣራውን ታያለች። እህቴ ጣቷን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት፤ አልጨበጠችውም። ስሟን ጠራቻት፤ ዓይኗን እንኳን አላዞረችም።

«ስትመጣም እንዲህ ነበረች?»

«ኧረ ስትመጣስ ቤቱን በለቅሶ ታናጋው ነበር። ኋላ ለመደች።»

«አልለመደችም» አለች እትዬ። «ሰው እንደማይመጣላት ገባትና ተወችው።»

ቆሽቴ አረረ። አንዱን ጡጦ እያጠባሁ፣ ሌላውን በእግሬ እያወዛወዝኩ፣ ሦስተኛውን እያጸዳሁ የምውል ሴትዮ ነኝ። «በየትኛው እጄ ላንሳት?» አልኳት። «አራት እጅ ነው ያለን፤ የእኔና የሳቂታዋ ተደምሮ!»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ» አለችና ተነስታ ወጣች።

የሄደችው ወደ ቦርዱ ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሱፋቸው ላይ አቧራ ቢያርፍ የሚታመሙ። ለጨቅላዎቹ ክፍል ሦስተኛ ሞግዚት ይቀጠርልኝ አለቻቸው። እሳቸውም ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን የዕውቅና ወረቀት በእስክሪብቷቸው አሳዩዋት። «ገምጋሚዎቹ በየጊዜው እየመጡ አንድም ቀን ጎደለ አላሉም። እነሱ ያላዩትን አንቺ በአንድ ቀን አየሽው?» ቀጥለውም የልባቸውን ተናገሩ፦ «ይልቅ እህትሽ እንዳይደክማት ነው አትይም?»

በማግስቱ እትዬ ጠራችኝና ወደ ልብስ ማጠቢያ እንደተዛወርኩ ነገረችኝ። በእኔ ቦታ፣ የሞግዚትነት ሥልጠና ወስዳ ቦታ አጥታ ልብስ ታጥብ የነበረችውን ልጅ አስገባች። «አሁን እህቴ የለችበትም» አለቻቸው ሰብሳቢውን። «ሞግዚቷን ይቅጠሩልኝ።» እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እኔ ለሳምንታት አላናገርኳትም። እሁድ እሁድ ቤቷ ስንሰበሰብ ከባሏ ጋር ብቻ ነበር የማወራው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ «ጠበቃሽ አንቺንም ከሰሰችሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ገምጋሚዎቹ ለምን ምንም እንዳላዩ እትዬ የገባት ሳቂታዋን ጠይቃ ነው። ገምጋሚ የሚመጣው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነበር። ማን እንዲህ ይሁን እንዳለ አይታወቅም፣ የትም አልተጻፈም፣ የከተማው ማቆያ ሁሉ ግን እንደዚያ ነው። ከምሳ በኋላ ልጆች ይተኛሉ። መጋረጃው ይጋረዳል፣ ሞግዚቶቹ ንጹሕ ሽርጥ አድርገው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ገምጋሚው ኮቴውን አጥፍቶ ግድግዳውን፣ መጸዳጃውን፣ የመድኃኒት ሳጥኑን አይቶ «ደስ ይላል» ብሎ በሹክሹክታ ተናግሮ ይወጣል። ለእሱም ምቹ ነው፣ ለማቆያውም። የተኙ ሕፃናትን ለመጠበቅማ ሁለት ሰውም ይበዛል፤ ድመትም ትበቃለች።

እስከዚያው እትዬ ጭምቷን ወደ ቢሮዋ መውሰድ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት አዝላት ወረቀት ትፈርማለች፣ ጭኗ ላይ አድርጋት ስልክ ታወራለች፣ ወላጅ ሲመጣ አብራት ተቀምጣ ታነጋግራለች። ሰው ሳቀባት፤ እኔም በኩርፊያዬ መሃል ስቄባታለሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ቢይዟትም ቢያስቀምጧትም አንድ ነበረች። አንድ ቀን ግን እትዬ ልብስ ማጠቢያው ድረስ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በርቷል።

«አለቀሰች» አለችኝ። «ሳስቀምጣት አለቀሰች። ሳነሳት ዝም አለች። እንደገና ሳስቀምጣት እንደገና አለቀሰች።»

ልጅ አለቀሰ ተብሎ ደስታ! እኔም ግን እርጥብ እጄን በሽርጤ ጠርጌ አቀፍኳት፤ ኩርፊያችን በዚያው ቀረ።

የግምገማው ጊዜ ሲደርስ ዕውቅና ሰጪው መሥሪያ ቤት እንደተለመደው ከምሳ በኋላ እንመጣለን ብሎ ደወለ። ያን ጊዜ የታጠቡ አንሶላዎች ይዤ ቢሮዋ በር ላይ ነበርኩ፤ የምትለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«በጠዋት ኑ» አለች።

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሆነ ነገር አለ።

«አዎ፣ ልጆቹ የሚገቡበት ሰዓት ነው። ለዚህ ነው የምለው።»

አሁንም ተናገረ።

«አውቃለሁ፣ ያለቅሳሉ። ሲያለቅሱ እኛ ምን እንደምናደርግ ካላያችሁ ምኑን ገመገማችሁት?»

ሸፍጥ አትወድምና ይህንኑ ሄዳ ለሰብሳቢው ነገረቻቸው። ሰብሳቢው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ዕውቅናው ከቀረ መጀመሪያ የምትወጪው አንቺ ነሽ» አሏት።

«ይሁን።»

«አንቺስ ትወጫለሽ። ቤቱ ቢዘጋ እነዚህ እናቶች ልጆቻቸውን የት ይወስዷቸዋል?»

እዚህ ላይ ነኳት። ያን ማታ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። እናቶቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ገበያ የምትነግደውን፣ ሆስፒታል የምታጸዳውን፣ ልጇን አስቀምጣ በሩጫ አውቶቡስ የምትይዘውን። ማቆያው ቢዘጋ መግቢያ የላቸውም። «ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እኔም የምፈራው እሱን ነው፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። ግን ጣራ የምታይ ልጅ አናት ላይ ዕውቅና አልሰቅልም።»

ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ለውጠው የሄዱ መስሎን ነበር። ለካስ ብልሃት ፈጥረው ኖሯል። በግምገማው ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው በማለዳ ከበሩ ዘበኛ ጋር ተማከሩ። ገምጋሚዋ ክፍሎቹን ዞራ እስክትጨርስ አንድም እናት እንዳትገባ አዘዙት። ክፍሉ ባዶ፣ ምንጣፉ ንጹሕ፣ አልጋው የተነጠፈ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ገምጋሚዋን ቢሮ አስገብተው ሻይ ያጠጧታል። ልጅ ከሌለ ማን ያለቅሳል?

ልጅ አሳድገው የማያውቁ ሰው ብልሃት ነበር። ጠዋት አንዲቷ እናት ቀድማ፣ ሌላዋ ዘግይታ፣ ሁለቱ አብረው እየገቡ ነው ልጆቹ የሚረከቡት፤ አንዱ እስኪረጋጋ ሌላው ይደርሳል። ያን ቀን ግን ሁሉም በር ላይ ተከማቹ። ሥራ የሚረፍድባቸው ናቸው። መጀመሪያ ለመኑ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል የምታጸዳዋ እናት ዘበኛውን በትከሻዋ ገፋችውና በሩ ተበረገደ።

ገምጋሚዋ በጨቅላዎቹ ክፍል መሃል ቆማ ነበር፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንጠልጥላ። ሰብሳቢው አጠገቧ ናቸው። አሥራ ሁለቱም ሕፃናት በአንድ ጊዜ ገቡ። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በኋላው መስኮት ነው፤ አንሶላ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ሳቂታዋ ሁለት ልጅ ተቀበለች፣ አዲሷ ሁለት፣ እትዬ ሁለት። እናቶቹ ቆመው አይጠብቁም። አንዷ ገምጋሚዋን አዲስ የተቀጠረች ሞግዚት መሰለቻትና «ያዢልኝ እናቴ፣ ጡጦው ቦርሳው ውስጥ ነው» ብላ ልጇን ደረቷ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። ሌላዋ ማንነታቸውንም ሳታይ ለሰብሳቢው አቀበለቻቸው። ልጁ ወዲያው ክራቫታቸውን ይዞ አፉ ውስጥ ከተተው። የቀሩት ምንጣፉ ላይ ተዘረገፉ። ሁሉም ያለቅሳል። የሰው እጅ የሚባል ሁሉ ተይዟል።

ምንጣፉ ላይ ካሉት መሃል ጭምቷ ነበረች። ታለቅስ ነበር፤ ፊቷ ቀልቶ፣ እጇን ወደ እትዬ ዘርግታ። እትዬ በሁለት ልጅ መሃል ሆና ታያታለች። እህቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ልታነሳት አልቻለችም።

እኔም ቆሜ ማየት አልቻልኩም። አንሶላውን መሬት ላይ ወርውሬ በኋላው በር ገባሁና አነሳኋት። አንገቴ ሥር ገብታ እየተንሰቀሰቀች ዝም አለች።

ገምጋሚዋ ልጁን እያወዛወዘች አየችኝ። «እርስዎ ከየትኛው ክፍል ነዎት?»

«ከልብስ ማጠቢያ።»

ወደ እትዬ ዞረች። «እሷ ባትመጣስ?»

«ባትመጣማ ታለቅሳለች» አለች እትዬ። «ደግማ ታለቅሳለች። ከዚያ ማልቀስ ትተዋለች። ያን ጊዜ ከምሳ በፊትም ብትመጡ፣ በኋላም ብትመጡ፣ ጨዋ ልጅ ናት ትላላችሁ።»

 ገምጋሚዋ ልጁን እስኪተኛ ድረስ አላስቀመጠችውም፤ ሻዩም ሳይጠጣ ቀረ።

ውሳኔው መጣ። የማቆያው ዕውቅና ይታደሳል፣ የጨቅላዎቹ ክፍል ግን ሦስተኛ ሞግዚት እስኪቀጠር ድረስ አይታደስም፤ ካልተቀጠረ ክፍሉ ይዘጋል። ሰብሳቢው እትዬን ጠሩና «አዋረድሽን» አሏት።

«ታየን እንጂ አልተዋረድንም» አለቻቸው። በዚያም አላበቃችም፤ ውሳኔውን ወስዳ የውጪው በር ላይ፣ እናቶቹ ያን ጠዋት ተከልክለው በቆሙበት ቦታ ለጠፈችው። እናቶቹ አነበቡት። ያላነበቡት ተነበበላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብሳቢው ከመኪናቸው በወረዱ ቁጥር አንዲት እናት ልጇን አቅፋ «ጋሼ፣ ሞግዚቷ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላቸዋለች። እትዬን የማባረር ሐሳባቸውን ውሃ በላው። ሞግዚቷ ተቀጠረች። በቦርዱ ስብሰባ ላይ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሳቸው እንደነበር ሲናገሩ እትዬ ቃል አልተነፈሰችም፤ በሕይወቷ ያን አንድ ጊዜ ነው ዝም ስትል ያየኋት።

መሥሪያ ቤቱ አሁን ሁሉንም ማቆያ በጠዋት መጎብኘት ጀምሯል። የሌሎቹ ማቆያዎች ዳይሬክተሮች ሰላምታ ነሷት። በስብሰባ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። እሷም ከቁብ አልቆጠረችውም። የፊተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥና ቦርሳዋን በአንዱ ባዶ ወንበር፣ ካፖርቷን በሌላው ታሳርፋለች፤ ጥያቄ አለ ወይ ሲባል የመጀመሪያዋ እጅ የእሷ ናት።

እኔ ወደ ክፍሌ ልመለስ ብዬ ለምኛት ነበር። «እህቴ የለችበትም ብዬ ተናግሬያለሁ» አለችኝ። ደረቅ ናት። ስለዚህ እስካሁን ልብስ ማጠቢያ ነኝ፤ ወገቤም አልተሻለው፣ ቁጣዬም አልበረደ። ጠዋት ጠዋት ግን የኋላውን መስኮት እከፍታለሁ። የጭምቷ እናት ልጇን አስቀምጣ ወደ አውቶቡሱ ስትሮጥ ልጅቷ ጩኸቷን ትለቀዋለች፤ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ይሰማል። እትዬ በልብስ ማጠቢያው በር በኩል ስታልፍ ታየኛለች፤ ሁለታችንም ቆመን እናዳምጣለን። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ዝም ትላለች።

«አነሷት» ትለኛለች እህቴ።

«አነሷት» እላታለሁና ወደ አንሶላዬ እመለሳለሁ።